ከሆቴል የመጣው ራውተር

አዳማ ውስጥ አዲሱ መስመር በሚባለው ሰፈር ሰው ለቀብር ካልሆነ በቀር ቀን ቀን ከቤቱ መውጣት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ፀሐይዋ አትቻልም። በር የሚከፈተው፣ ውኃ ተራው ሲደርስ የሚወርደው፣ ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው፣ ልጅ የሚማረው፣ ሁሉም በእድሩ ራውተር በኩል ነው። ድሮ እድር የሚገዛው ድንኳንና ብረት ድስት ነበር አሉ። አሁንም ይገዛል፤ ግን የእድሩ ዋና ንብረት የቱ ነው ብላችሁ ገና የሚኮላተፍ ሕፃን ብትጠይቁ ጣቱን ወደ ራውተሩ ይቀስራል። ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል። ራውተር ሲቆም ግን ሰፈሩ በሩ ተከርችሞበት፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ይውላል።

የዚህ እድር ዳኛ ኪሩቤል ይባላል። ከመድን ድርጅት ጡረታ የወጣ፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ሰው ሲጣላ ቀድሞ የሚያስታርቅ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ብናገር ይሻላል፣ ኋላ አፌ ላይ አይመጣም። አንድ ዓመል ግን አለበት፤ ትልቅ ነገር ይወዳል። ከባድ በር፣ ሰፊ ወንበር፣ ስሙ የታወቀ ዕቃ ሲያይ ልቡ ይደነግጣል።

እድሩ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረውን ራውተር የገጣጠመችው ብሌን ናት። ብሌን ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሱቅ ያላት፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ናት። የእሷ ራውተር ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ርካሽ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙም ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ገብቶ፣ ለማን መቼ ምን እንደሚደርስ የሚወስነውን ትእዛዝ ያነባል፤ ካልጣመውም በስብሰባ ያስለውጣል። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ «ክፍቱ» ይለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ክፍቱ ሥቃይ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ይንቀራፈፋል፣ ነፋስ ሲነሣ ይደነባበራል። አንድ ጊዜ የእድሩን አባል የኢዮብን በር ዘግቶበት፣ ኢዮብ በመስኮት ሲወጣ ሱሪው ተተረተረና ሰፈሩ ክረምቱን ሙሉ ሲስቅበት ከረመ።

በሌላ በኩል ደግሞ ያገለገለው ዕቃ አለ። ውጭ አገር ትልልቅ ሆቴልና ባንክ ሲዘጋ ራውተሩ በኮንቴይነር ተጭኖ ይመጣል፤ ድፍን ብረት፣ መብራቱ የሚያብረቀርቅ፣ ግንባሩ ላይ የታወቀ ምልክት የተለጠፈበት። የታሸገ ስለሆነ ውስጡን ማንም አያየውም። ሰው «ሰልባጅ» ይለዋል፤ ሲለው ግን በመጎምጀት ነው።

ኪሩቤል በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሣና፣ «እስከ መቼ ነው በቆርቆሮ የምንኖረው? ከወንዙ ማዶ ያለው እድር እንኳ የባንክ አስገብቷል። እኛ ምን ጎደለን?» አለ። ኢዮብ አጨበጨበ፤ የሱሪው ነገር ገና አልወጣለትም።

ብሌን ተነሣች። «ጋሽ ኪሩቤል፣ የኔ ይንቀራፈፋል፣ አልዋሽም። ግን ውስጡ የሚታይ ነው። ያ ሆቴል ውስጡ ምን ትቶ እንደሄደ በምን ያውቃሉ?»

«ሆቴል ምን ይተዋል? ሳሙናና ሻምፖ ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ብሌን ፊቷ ቀልቶ ቁጭ አለች። የሆቴሉ ራውተርም ተገዛ።

በገባ ቀን ሰው ተሰልፎ እንደ ሙሽራ አየው። ከዚያ ቤቶቹ በየተራ ተመዘገቡ። ዳኛ ነውና ኪሩቤል ቤቱን አንደኛ አስመዘገበ፤ ማንም ቅር አላለውም፣ እሱም ተንኮል አላሰበም። ሌላው በመጣበት ቅደም ተከተል ገባ። መጨረሻ ላይ የተመዘገቡት ከሰፈሩ ጥግ የሚኖሩት ሁለት ሽማግሌዎች፣ እትዬ ሄርሜላና ባለቤታቸው ጋሽ ናሆም ነበሩ። ጋሽ ናሆም ልብ ሕመምተኛ ስለሆኑ ቶሎ መድረስ አልቻሉም።

የሆቴሉ ሳጥን እንደተባለለት ሆነ። በሩ አይደነቃቀፍም፣ ስዕሉ አይቆራረጥም። ኪሩቤል በመንገድ ሲሄድ ደረቱ ቀድሞት ይሄድ ነበር።

ክረምት ላይ ባለቤቱ ሜላት አንድ ነገር አስተዋለች። «አንተ፣ የእኛ ቤት ውኃ ተራ መጠበቅ ትቷል እኮ። ቧንቧውን ስነካው ይወርዳል። እትዬ ሄርሜላ ግን ዛሬም ባልዲ ይዘው ቆመው አየኋቸው።»

ኪሩቤል የእድሩ ዕቃ ቤት ሄዶ ሳጥኑን ጠየቀው። ሳጥኑ የሆቴል አማርኛ ነበረው፤ የሚያሽቋልጥ፣ ዝግ ያለ ድምፅ። «ክቡር እንግዳችን፣ እንኳን ደህና መጡ» አለው። ከዚያ ሳያፍር ሳይደብቅ ዘረዘረለት። ቤቶቹን ሁሉ በድሮው ሆቴል ሥርዓት መድቧቸዋል። የኪሩቤል ቤት የክብር እንግዳ ነው፤ የሚጠይቀውም የሚላክለትም ሳይጠብቅ ያልፋል። ቀጥለው የተመዘገቡት ተራ እንግዶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያሉት የሆቴሉ ሠራተኞች። የእትዬ ሄርሜላ ቤት የኩሽና ተርታ ላይ ነው፤ ከኩሽና የሚወጣ ነገር ለክብር እንግዳው ወዲያው ይደርሳል፣ ለሌላው ግን መንገዱ ሲለቀቅ።

«ይህን አስተካክለው። ሁሉም እኩል ይሁን» አለ ኪሩቤል።

«ይህን መቀየር የሚችሉት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ናቸው፣ ክቡር እንግዳችን።»

«ሆቴሉ እኮ ፈርሷል!»

«እናዝናለን። ይህን መቀየር የሚችሉት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ናቸው።»

ኪሩቤል ለስብሰባው እናገራለሁ ብሎ ቆርጦ ወጣ። መናገር ማለት ብሌን ፊት መቆም ማለት ነው። ሳሙናና ሻምፖ ያለው አፍ ተመልሶ «ልክ ነበርሽ» ማለት አለበት። ቢሆንም እናገራለሁ አለ። ማታ ገላውን ሊታጠብ ገባ፤ ውኃው ወረደለት፤ ቀዝቃዛ፣ ያልተቆጠበ ውኃ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተራ ሲጠብቅ በእሱ ራስ ላይ ወረደ። ደስ አለው። ኋላ ላይ ከሁሉ አብልጦ ያፈረው በዚህ ነው፤ ደስ በመሰኘቱ። በሚቀጥለው ስብሰባ የድንኳኑ ጉዳይ ረዘመና ሳይናገር ቀረ። በሚቀጥለውም ሌላ ነገር ተገኘ። ሜላት ስትጠይቀው «ሳጥኑ ወዶን ነው» ብሎ በቀልድ አለፈው።

ጋሽ ናሆም የሞቱት በኳስ ዋንጫው ቅዳሜ ነው። ሰፈሩ ቤቱን ዘግቶ ጨዋታ ያያል፤ ሜላት ሞጆ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ኪሩቤል ብቻውን ነበር። ረፋዱ ላይ ለእድሩ ሁሉ የተላከ መልእክት ገባለት፦ ጋሽ ናሆም ሆስፒታል ዐርፈዋል፣ ቀብር ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሄርሜላ።

በዚያ ዘመን የቀብርን ሰዓት የሚሰጠው ከተማው ነው። ሬሳ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መቃብር ይሄዳል፣ ቤት አይገባም፣ ደጅ አይለቀስም። የተሰጠው ሰዓት ካለፈ አስከሬኑ ወደ ማቀዝቀዣ ተመልሶ ሌላ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው መልእክቱን ባየ ጊዜ ጥቁሩን ለብሶ መሮጥ ነው። ኪሩቤል ለበሰ፣ ሮጠ። አውቶቡሱ ውስጥ አንድም የሰፈሩን ሰው አላየም፤ በፊተኛው ሄደዋል ብሎ አሰበ።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ እትዬ ሄርሜላ ብቻቸውን ቆመዋል። አጠገባቸው አንድ ቄስ፣ የሆስፒታሉ መኪና ሹፌርና ሁለት ቆፋሪዎች። ሌላ ሰው የለም።

«መጣህ ልጄ?» አሉት፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ሌሎቹስ? ኋላህ ናቸው?»

«ይመጣሉ እትዬ ሄርሜላ።»

ይህን ሲል ገባው። ሰፈሩ አልሰማም። መልእክቱ ከኩሽና ተነሥቶ፣ ከጨዋታው ጀርባ ተሰልፎ፣ መንገድ እስኪለቀቅለት ቆሟል። የሰማው የክብር እንግዳው ብቻ ነው።

ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። «እንጀምር ይሆን?»

«ትንሽ እንጠብቅ አባ። ናሆም አርባ ዓመት የሰው ሬሳ ተሸክሟል፤ ለእሱማ ይመጣሉ።»

ጊዜ ነበረ። ሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ ጨዋታውን ጥሎ የሚነሣ ሰው ይደርስ ነበር። ኪሩቤል ወደ ጎን ብሎ ስልኩን አወጣ። ከእሱ የሚወጣ መልእክት በየቤቱ ስዕሉን አቋርጦ በዚያው ቅጽበት እንደሚደርስ ያውቃል። «ጋሽ ናሆም ዐርፈዋል፣ ሁላችሁም አሁኑኑ ወደ መቃብር» ብሎ ጻፈ። አውራ ጣቱ መላኪያው ላይ ቆመ። ከዚያ ኢዮብ ታየው፤ «አንተ እንዴት ሰማህ? ለእኛ ለምን አልደረሰም?» ሲል። ብሌን ታየችው፤ «ሳጥኑ ይከፈት» ስትል። የክረምቱ ውኃ ሁሉ ታየው። የጻፈውን አጠፋና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀና ሲል እትዬ ሄርሜላ እያዩት ነበር።

ሬሳውን የሚሸከም ሰው ጠፋ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው፣ ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ፣ ኪሩቤል በአራተኛው ጠርዝ ገብቶ ተሸከሙ። እትዬ ሄርሜላ አላለቀሱም። መንገድ መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር።

መልእክቱ በየቤቱ የደረሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው እየተሯሯጠ ለቅሶ ቤት መጣ፣ ቀብሩ ማለፉን ሲሰማ ደጅ ላይ እንደ ጨው ዓምድ ቀረ። ስልኩን ገልብጦ ያየ ሁሉ መልእክቱን አገኘው፤ የተጻፈበት ሰዓት ረፋድ ነው። እያንዳንዱ በልቡ «ቀን መጥቶልኝ ነው፣ ጨዋታው ላይ አፍጥጬ ሳላየው ነው» አለ። ይህን ደግሞ ማን አፍ አውጥቶ ይናገረዋል? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

እትዬ ሄርሜላ ማንንም አልወቀሱም። ኪሩቤልን ግን ጎናቸው አስቀመጡት። የመጣው ሁሉ እያየ፣ ምግቡ ለእሱ ቀድሞ እንዲቀርብ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም። ናሆም ሰው በድሎ ነበር ወይ?»

«ምን ነካዎት እትዬ? ጋሽ ናሆም ማንን ይበድላሉ!»

«እንግዲያው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ሳላውቀው አስቀይሜያቸዋለሁ። ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፤ ማንን ምን ብዬው ይሆን እላለሁ። ለማንኛውም ቤቱን ልተወው ነው። አሰላ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ባሌን ቆፋሪ በተሸከመበት አገር አልኖርም።»

ለኪሩቤል መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር። «ይሂዱ እንጂ፣ አይሂዱ… እንነጋገራለን» ብሎ ተንተባትቦ ወጣ። መንገድ ላይ ብቻውን «እፈር! እፈር!» ይል ነበር።

በእድሩ ደንብ ቀብር የቀረ አባል ጉባኤ ፊት ይወቀሳል፤ የሚወቅሰውም ዳኛው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ ሙሉ እድሩ ተከሳሽ፣ ንጹሑ ዳኛው ብቻ። ኪሩቤል ጠረጴዛው ጋ ቆሞ «መልእክቱ ረፋድ ላይ ተልኳል» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ተልኳል። ድምፁ ግን የራሱ አልመስል አለው።

ብሌን እጇን አወጣች። «ተልኳል ማለትና ደርሷል ማለት አንድ ነው? ሳጥኑ ይከፈትና እንየው።»

«የታሸገ ነው። ከተከፈተ ይቆማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይዘጋበታል።»

ወትሮ ቢሆን ግር ግር ይነሣ ነበር። አሁን ግን ብሌንን የደገፈ ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም የራሱን ቅዳሜ እያሰበ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ኢዮብ ተነሣ። ያ ሳቂታ ሰው ዓይኑ ደም መስሏል።

«ሳጥን ሳጥን አንበል! እኔ ጎል ሲገባ ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ፣ ጋሽ ናሆም አፈር ይገቡ ነበር። ልጄን ሆስፒታል ይዘውልኝ የሮጡ ሰው ናቸው። እኔ ድንጋይ ተሸክሜ እሄዳለሁ። የሚከተለኝ ይከተለኝ።»

ሁሉም እከተላለሁ አለ። ወጉን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይንበረከካል፣ ይቅር ያለው ተበዳይ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ካላወረደለት እርቅ የለም። ኢዮብ ወደ ኪሩቤል ዞረ። «አንተ ንጹሕ ነህ። ቀድመህ ግባና አማልደን።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩ ወጣ። ድንጋይ ከወንዙ ዳር ያመጣ አለ፣ ከፈረሰ አጥር የነቀለ አለ። ኪሩቤል ነጭ ለብሶ፣ እጁ ባዶ፣ ከፊት ይሄዳል። ከኋላው የሰው ትንፋሽ ይሰማዋል። ዘወር ብሎ ማየት አልቻለም።

እትዬ ሄርሜላ በራቸው ላይ ወጡ። ዕቃቸው ግማሹ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቆልሏል። ኪሩቤል «እትዬ፣ ሰፈሩ ይቅር ይበሉን ብሎ መጥቷል» አለ። ሰው ሁሉ ተንበረከከ። አሮጊቷ እንባቸው መጣ፣ ያ ሁሉ ቀን ያልመጣ እንባ። ኢዮብ ጋ ሄደው ድንጋዩን አወረዱለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው አለፉ። ድንጋዩ ሲወርድለት ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

ከዚያ ብሌን ጋ ደረሱ። ብሌንም ተሸክማለች። ያቺ ምላሰኛ፣ ይከፈት ብላ ሰሚ ያጣች ሴት፣ ትልቅ ድንጋይ አንገቷን አጉብጦት መሬት ላይ ተደፍታ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ሰነፍኩ፣ ሳላየው ቀረሁ» ትላለች።

ኪሩቤል ከዚህ በላይ አልቻለም። ከኢዮብ ጫንቃ የወረደውን ድንጋይ አንሥቶ በራሱ ጫንቃ ላይ አደረገና ከብሌን ጎን ተንበረከከ።

«ኧረ ኪሩቤል! አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ ሄርሜላ። «አንተማ መጥተሃል። ተነሣ!»

«አልነሣም። ብሌን ምንም አላጠፋችም። ማንም አላጠፋም። መልእክትዎ ለማንም አልደረሰም እትዬ፤ ለእኔ ብቻ ነው የደረሰው። ሳጥኑ በድሮው ሆቴል ሥርዓት ነው የሚሠራው። እኔን የክብር እንግዳ፣ እርስዎን የኩሽና ሠራተኛ አድርጎ መድቦናል። ከክረምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለእኔ ስለተመቸኝ ዝም አልኩ።»

ብሌን ከነድንጋይዋ ቀና ብላ አየችው።

እትዬ ሄርሜላ ግን የጠየቁት ስለ ሳጥኑ አልነበረም። «መቃብሩ ጋ ስልክህን አውጥተህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«አይቼሃለሁ። እየጠራሃቸው መስሎኝ ነበር። ጠርተሃቸው እንቢ ያሉህ መስሎኝ ነበር። ልቤ የተሰበረው እኮ በዚያ ነው፤ ይህ ሰው እየለመናቸው እንዴት እንቢ ይላሉ ብዬ ነው።»

«ጽፌ ነበር። አጠፋሁት።»

«ብትልከው ይደርሳቸው ነበር?»

«ወዲያው ይደርሳቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዴት ሰማህ ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ።»

እትዬ ሄርሜላ ጎንበስ ብለው የብሌንን ድንጋይ አወረዱ፣ ግንባሯን ሳሟት፣ እጇን ይዘው አስነሧት። የቀሩትንም አንድ በአንድ አወረዱላቸው። ቀጥሎ ኪሩቤል ነበር። ፊቱ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ነኩት፤ ቆይተው እጃቸውን መለሱ።

«ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ቤቴ ግቡ» አሉ ለሰዎቹ። «ያሰርኩትንም ዕቃ ፍቱልኝ። የትም አልሄድም።»

ሰው ሁሉ በኪሩቤል አጠገብ እያለፈ ገባ። ኪሩቤል ድንጋዩን እንደተሸከመ ግቢው መሀል ተንበርክኮ ቀረ፤ አውርድ ያለው ሰው አልነበረም።